አንድ ኤስ ብቻ ነው ያለን

ተማሪዎቹ «አራት ነጥብ» የሚሉት የእንግሊዝኛ መምህር ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያስተምር ኖሮ፣ ዓመቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሁለተኛ ክፍል ተመደበ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲጨርስ ጠመኔውን መጨረሻው ላይ «ጧ!» አድርጎ ስለሚመታ ነው። ጠመኔው ብዙ ጊዜ ይሰበራል። ሌላ ያነሳል።

ምደባውን የነገረችው ዳይሬክተሯ ናት። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ወልዳለች፤ የሚተካት ሰው ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው» አለችው፣ ዓይኑን ላለማየት ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች እየደረደረች።

«ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባት፣ ስምንት።»

«ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ስለ ምን ይወራል?»

«ስለ ግራመር» አለች። «መጽሐፉ ላይ አለልዎት።»

በመጀመሪያው ቀን አርባ ስድስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው አዩት። ስማቸውን ጠራ፣ መጽሐፍ አደለ፣ ከዚያ ለትልልቆቹ በሚናገርበት ድምፅ «ነገ ግራመር እንጀምራለን» አለ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ግራመር ያማል?»

«አያምም» አላት። በማግስቱ ግን በራሱ መልስ እርግጠኛ አልነበረም። «ሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ሲሆን ግሡ ላይ ኤስ ይጨመራል» ብሎ ደንቡን ጻፈና ጧ አደረገ። ዞር ሲል አንዱ እርሳስ መቅረጫ ሊዋስ ጠረጴዛ ስር ገብቷል፣ ሁለቱ በአንድ ላጲስ ይጓተታሉ፣ አንዷ ሽንቷ መጥቶ እግሯን አጣምራ ቆማለች፣ አንዱ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ያለቅሳል። ደንቡን የገለበጠች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም የገለበጠችው ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ነው።

ቤቱ ሲገባ መቀመጥ አቃተው። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከሥራ ተመልሳ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሻይ ትጠጣለች። እሱ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ።

«ኧረ ቁጭ በል። ምጥ የያዛት ሴት እንኳን እንዲህ ስትንቆራጠጥ አላየሁም።»

«አይሰሙኝም። አርባ ስድስት ናቸው፣ አርባ ስድስቱም አይሰሙኝም።»

«ምን ብለሃቸው ነው የማይሰሙህ?»

«ሦስተኛ መደብ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሱ፣ እሷ… እዚህ የሌለ ሰው። የሚወራበት ሰው ማለት ነው።»

«ታዲያ ሐሜት ነው በላቸዋ! ሐሜት የማያውቅ ልጅ የት አለ?»

«ግራመር እኮ ነው የማስተምረው!» ብሎ ተቆጣ፤ ወደ በሩም ሄደ። እሷ ሻይዋን ፉት አለች።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አንዳንድ ቀን በቁጣ ዝም ያሰኛቸዋል። ዝም ሲሉ ደግሞ ዝምታቸው ከጫጫታው ይብስበታል፤ አፋቸው ተዘግቶ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። ከትልልቆቹ ጋር ሳለ ያልገባው ተማሪ ይጠይቀው ነበር። እነዚህ የሚጠይቁት ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነው። እሱ ራሱም ሰዓቱን ማየት ጀምሮ ነበርና ያፍር ነበር።

በዚህ መሃል ዳይሬክተሯ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ የሚያዩት ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ የተዛወሩ መምህራንን ነው።

«ካልወደዱትስ?» አላት።

«መዝገብ ቤት ሰው ጎድሎናል ብለዋል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጋሼ።»

ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ቀርቶታል። አራት ዓመት ከፋይል ጋር ቁጭ ማለትን ሲያስብ እግሩ ከጠረጴዛው ስር በራሱ ጊዜ ወለሉን መቀጥቀጥ ጀመረ።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የከፋችበት ደግሞ ፌንጣ የሚሏት ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ ልክ ናቸው። ቀጭን፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ፣ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ የማትበረክት። ፊት አስቀመጣት፤ ሰሌዳውን ትነካካለች። ኋላ አስቀመጣት፤ መስኮት ላይ ትወጣለች። ከግድግዳ አስጠግቶ መውጫውን በክፍሉ አለቃ አዘጋባት። የክፍሉ አለቃ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የሚሄድ ልጅ ነው። እሷ በአለቃው እግር ስር ሾልካ ወጣች።

አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ሺ ፕሌይ» ብሎ ጻፈ። «ምን ይጎድለዋል?» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። «ሃያ ጊዜ ነግሬአችኋለሁ! ምን ይጎድለዋል?» ፌንጣ በዚህ ጊዜ እርሳስ ልትቀርጽ በሚል ሰበብ በሰሌዳው ፊት እየሮጠች ታልፍ ነበር።

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። «እዚያው ባለሽበት! እንዳትነቃነቂ!»

ቆመች። የቆመችው «ፕሌይ» ከሚለው ቃል መጨረሻ ጋ ነው። ሩጫዋ ስላላለቀ አንገቷ ወደ ፊት፣ ሆዷ ወደ አንድ በኩል፣ ጉልበቷ ወደ ሌላ በኩል ታጥፎ ቀረ። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት መጀመሪያ የሳቀችው።

«ኤስ መሰለች! ቲቸር፣ ፌንጣ ኤስ መሰለች!»

አርባ አምስት ልጅ አንድ ላይ ሳቀ። አራት ነጥብ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ልጅቷን አየ። ከእነ ቅርጿ ቃሉን ሞልታዋለች።

«እስቲ ማን ያነበዋል?» አለ በቀስታ።

«ሺ ፕሌይስ!» አሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ።

የዚያን ቀን ከትምህርት በኋላ ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለምኖ ተሸክሞ ገባ። ሚስቱ ምንም አልጠየቀችውም፤ መቀሱን አቀበለችው። ቃላቱን በወፍራም ቀለም ጻፈ፤ አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዘይ፣ ሂ፣ ሺ፣ ኢት፤ ፕሌይ፣ መብላት የሚለው ኢት፣ ራን፣ ስሊፕ። ሁለቱ «ኢት»ዎች ሲነበቡ እንዳይምታቱበት አንዱን በቀይ ጻፈው። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ኤስ ቆረጠ።

በማግስቱ ልጆቹ ቃል ሆኑ። ካርቶኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ሌላው ያነባል። ፌንጣ ኤስን ይዛ በሩ ጋ ትቆማለች። አራት ነጥብ ደንቡን ሊናገር ሲል የሚስቱ ቃል ከአፉ አመለጠው፤

«ስሙኝ። አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዘይ ሲመጡ ኤስ ግድም የላትም፤ ቦታዋ ትቆያለች። ሂ ወይም ሺ ወይም ኢት ከመጣ ግን ስለ አንድ ሌላ ሰው ሊወራ ነው ማለት ነው። ሐሜት ነው። ኤስ ደግሞ ሐሜት ትወዳለች! ልትሰማ ሮጣ ትመጣና ግሡ ላይ ትለጠፋለች!»

«ሺ» ስትቆም ፌንጣ ከበሩ እንደ ጥይት ተተኩሳ ግሡን ልትጥለው ምንም አልቀራት። «ዊ» ሲቆም «ኤጭ፣ ወሬ የለም» ብላ አፍንጫዋን ነፍታ ተመለሰች። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እያታለሉ ይቀያይሩባታል፤ «ሂ!… አይ፣ ዘይ!… ሺ!» እሷ ደግሞ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትሮጣለች። በሳምንቱ መጨረሻ ከአርባ ስድስቱ «ሺ ፕሌይ» ብሎ የሚሳሳት ቢገኝ ጓደኞቹ «ኤስስስ!» ብለው ይጮሁበት ጀመር።

ጫጫታው ግድግዳ አለፈ። የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር ራሱን ብቅ አደረገ። «ጎረቤት፣ ሠርግ ካለ ለምን አትጠራንም?» አለ፤ ቀልዱ ቁጣ ነበረው። አራት ነጥብ ይቅርታ ጠይቆ መስኮቱን ዘጋ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በሹክሹክታ ተጫወቱ፤ ከዚያ ረሱት።

ግምገማው አራት ቀን ሲቀረው የፌንጣ እናት መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል፤ ከሥራ አቋርጣ መምጣቷን ያላወለቀችው ሽርጥ ይናገራል። ሰላምታ እንኳን አልሰጠችውም።

«ልጄን ሰርከስ አደረጓት አሉኝ።»

«ማን አለ?»

«ደንበኞቼ ናቸዋ! የእነሱ ልጆች ቁጭ ብለው፣ የኔ ልጅ ብቻ ከበር እስከ ሰሌዳ ስትሮጥ ትውላለች። እነሱ ይስቃሉ።»

«እናቷ፣ እየተማረች እኮ ነው። እንዲያውም…»

«ከሁለት ትምህርት ቤት አስወጥተዋታል» አለች። «አትቀመጥም፣ አትቀመጥም፣ አትቀመጥም! ጆሮዬ ደነቆረ። እዚህ ሳመጣት እባካችሁ ቁጭ ማለት አስለምዱልኝ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ጭራሽ አስነስተው ያስሮጧታል። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አስበውበት ነው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ስለ ማስተማር ዘዴ አንድ ሰዓት የሚያወራው ነገር አያጣም።

«አይደለም» አላት። «ማስቀመጥ ሲያቅተኝ ነው። እንደ አጋጣሚ ነው።»

«ስላቃተዎት መሣቂያ ያደርጓታል?»

ልጅቷ ራሷ ትስቅ እንደነበር ሊነግራት ፈለገ፤ ግን የሚስቅ ሁሉ እንዳልተሳቀበት ማን ያውቃል? ይህን ሳያስበው መቆየቱ አናደደው።

«ከነገ ጀምሮ ትቀመጣለች» አለ። «ቃሌ ነው።»

ኤስ ለክፍሉ አለቃ ተሰጠች። አለቃው ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ደብዳቤ አድራሽ ይራመዳል። «ሺ» ስትጠራ እሱ እስኪደርስ ግሡ ያዛጋል። ልጆቹ ሁለት ቀን ታግሰው በሦስተኛው ላጲስ መጓተት ጀመሩ። ፌንጣ በመጨረሻው ወንበር ላይ እጇን ከጭኗ ስር አድርጋ ተቀምጣለች። መቀመጡንስ ተቀምጣለች፤ ግን እግሯ መሬቱን ይቀጠቅጣል፣ ወንበሩ ይንጫጫል። አራት ነጥብ ያንን ጩኸት እየሰማ ማስተማር አልቻለም። ቤቱም አብሮት ሄደ፤ ሚስቱ ሳህን ስታጥብ ሳህኑ ሲንቋቋ ዞር ብሎ «ተቀመጪ!» አላት።

«ማንን ነው?» አለች ሳህኑን ይዛ።

«ይቅርታ» አለ።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንትና ቅጽ የያዘች ወጣት ሴት። የሚቀመጡበት ስላልነበረ በልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ወጥቶ ተቀመጡ። አራት ነጥብ ካርቶኖቹን አደለ። «ሺ» እና «ፕሌይ» ቆሙ። አለቃው በዝግታ መጥቶ ተለጠፈ። ልጆቹ በደከመ ድምፅ አነበቡ። አዛውንቱ ሰዓታቸውን አዩ።

«ጥሩ ነው» አለች ወጣቷ። «ጥያቄ ቢሆንስ? ትጫወታለች ወይ ብለን ብንጠይቅ?»

ጥያቄ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነበር። አላስተማረም። አልደረስንበትም ሊል አሰበ፤ ምላሱ ግን ቀደመችው። «እንሞክረው» አለ። ካርቶን ቀደደና «ዱ» ብሎ ጽፎ ጥርሷ ለወለቀችው ልጅ ሰጣት፤ ከሺ ፊት አቆማት።

«ዱ ሺ ፕሌይስ?» አነበቡ።

«ልክ ነው?»

ግማሹ ልክ ነው አለ፣ ግማሹ አይደለም አለ። «ዱም ግሥ ነው እንዴ? ታዲያ እሱም ኤስ ይፈልጋል!» አለ አንዱ። «ቲቸር፣ ሌላ ኤስ ሥራልን!» አለ ሌላው። «ሌላ ኤስ! ሌላ ኤስ!» ክፍሉ ተናወጠ። አለቃው መሃል ላይ ግራ ተጋብቶ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ያያል። የሒሳብ መምህሩ ግድግዳውን በቡጢ ደበደበ። አራት ነጥብ ማብራራት ጀመረ፣ ድምፁ አልተሰማም፤ ከኋላ ደግሞ ያ ወንበር ይንጫጫል፣ ይንጫጫል፤ ድንገት ጸጥ አለ።

ፌንጣ በጠረጴዛዎቹ መሃል ነበረች። ከመቼው ተነስታ ከመቼው እንደ ደረሰች ማንም አላየም። ካርቶኑን ከአለቃው እጅ መነተፈች።

«አንድ ኤስ ብቻ ነው ያለን!» ብላ ጮኸች። «ሌላ የለም! ሁለት ቦታ እንዴት ትቆማለች?»

ከፕሌይ አልፋ፣ ከሺ ፊት ዞራ፣ ዱ ላይ ተለጠፈች።

«ለምን እዚያ ሄድሽ?» አላት አራት ነጥብ። እውነትም ማወቅ ፈልጎ ነበር።

«ጥያቄ ነዋ! ወሬው አሁን ፊት ነው ያለው። ፕሌይ ባዶዋን ትሁን፣ ምን ቸገራት።»

ክፍሉ ለአንድ አፍታ አሰበበት። «ዱ ከኤስ ጋር ሲሆን ዳዝ ነው የሚባለው» አለ አራት ነጥብ። «አንብቡት እስቲ።»

«ዳዝ ሺ ፕሌይ?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ሁለት ቦታ ኤስ ሲያደርጉ ሳርም ኖሬአለሁ» አሉ ለወጣቷ፣ ሌላ የሚሰማቸው ሳይመስላቸው። ከዚያ ልጆቹ ጥያቄ ካልጠየቅን ብለው ገምጋሚዎቹን ራሳቸውን ካርቶን አስያዟቸው፤ ወጣቷ «ሂ» ሆነች፣ አዛውንቱ «ስሊፕ»።

ውጤቱን ዳይሬክተሯ ከሰዓት በኋላ አነበበችለት። ክፍልን በሥርዓት መቆጣጠር፣ ከአምስት ሁለት። የተማሪዎች ተሳትፎ፣ ከአምስት አምስት። አስተያየት፤ «በያዙት ይቀጥሉ፤ ጫጫታ ይቀነስ።» እሷ ደስ ብሏት እጁን ጨበጠችው። እሱ ግን ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ፀጉር ቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ሲገባ አንዲት ሴት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣለች፣ ሌላዋ ፀጉሯ እየተጠቀለለ ነው። የፌንጣ እናት በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

«ዛሬ ተነሳች» አላት። «ገምጋሚዎች ፊት።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር። በራሷ ነው የተነሳችው ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ስትነሳ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ እኔ እንዳስነሳኋት ይቆጠርብኝ።»

እናትየዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «ምን ብታደርግ ነው ደስ ያለዎት?»

ለማስረዳት ዙሪያውን አየና መደርደሪያው ላይ ካሉት የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖች ሦስት አነሳ፤ በተርታ አቆማቸው፤ «ይሄ ዱ፣ ይሄ ሺ፣ ይሄ ፕሌይ» አለ። ትንሿን የፀጉር መቆንጠጫ ኤስ አደረጋት፤ ልጆቹ ሁለተኛ ኤስ እንደ ጠየቁ፣ ልጅቷ ምን እንዳለች፣ የት እንደ ሮጠች ነገራት። መቆንጠጫዋን ከኋላ ነቅሎ ፊት ሰካት። እናትየዋ ጎንበስ ብላ አየች። ካስኩ ስር ያለችው ሴትዮ ካስኩን ከጆሮዋ ከፍ አድርጋ ትሰማ ነበርና ጮኻ፣ «ኧረ እኔ እስከ ዛሬ ሁለቱም ጋ ነበር የማደርገው!» አለች።

«ማንም አልነገራትም?» አለች እናቷ።

«ማንም። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አላስረዳም ነበር።»

እናትየዋ ዓይኗ እንደ ቀላ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ደንበኛዋ መለሰች፤ አንድ ዘለላ ፀጉር ጠቅልላ ሰካች።

«ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እሷ ብቻ ለምን ትሮጣለች? ሌሎቹም ይሩጡ። እሷም ቆሞ መጠበቅን ትልመድ። ሌላ ቃልም ትሁን።»

ይህንን ራሱ አላሰበበትም ነበር። «ልክ ነሽ» አለ፤ «ነገ በተራ በተራ ይሆናል።»

ፌንጣ በዚህ መሃል ከጓሮ በር ገባች፤ መምህሯን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስታየው መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እናቷን አየች፣ ፊታቸውን አነበበችና ተጠጋች።

«ነገ ኤስ አይደለሁም?»

«ነገ አለቃሽ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው» አላት አራት ነጥብ።

«እሱ እኮ ኤሊ ነው!»

«አስተምሪው።»

«እኔስ ታዲያ ማነኝ?»

አራት ነጥብ አሰበ። «አንቺ ዘይ ትሆኛለሽ።»

ልጅቷ ፊቷ ጨፈገገ፤ አንድ እግሯን አንስታ በሌላው ላይ አሳረፈች፤ መልሳ አወረደችው።

«ዘይ ማለት እነሱ አይደል? እነሱ ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ ነኝ።»

«እሱማ ልክ ነሽ። እንዴት ይሁን ታዲያ?»

«ሰው ልፈልግ» አለች፤ እናቷ «ጫማሽን አጥብቂ!» እስክትላት አልጠበቀችም። በሩ ተበርግዶ ቀረ፤ ከውጭ የጎረቤት ልጆችን ስም በየተራ ስትጠራ ይሰማ ነበር።